ልጃችሁ ኬጂ ወይም 1ኛ ክፍል ሊገባ ነው? ከነሐሴ እስከ መስቀል ማግስት የሚሠራ ሥራ

ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ስልኬ የሚጠራው ለአንድ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ልጄ ዘንድሮ ሊገባ ነው፤ ምን ላስጠናው?» ጭንቀቱ ፊደል ይቅደም ወይስ ኤቢሲዲ የሚል ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ኮዳውን ራሱ ይከፍታል?» ስል ወዲያ ማዶ ዝም ይላል።

ለቀልድ አይደለም የምጠይቀው። በእኔ ክፍል 30 ሕፃናት አሉ፤ አስተማሪዋ እኔና አንዲት ረዳት ነን። 4 ሰዓት ላይ መክሰስ ሲሆን 30 ምሳ ዕቃ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። መክፈት የሚችል ይበላል፤ ያልቻለ ተራ ይጠብቃል። የሚጠብቅ ልጅ እጁም አፉም ሥራ ስለሌለው እናቱ ትዝ ትለውና ያለቅሳል። እሱ ሲያለቅስ አጠገቡ ያለችው ትከተላለች። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ብዙው የሚነሣው ከእንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ነው። ፊደሉን እኛ እናስተምራለን፤ ሥራችን ነው። ክዳን መክፈት፣ ሱሪ ዝቅ ማድረግ፣ «ሽንቴ መጣ» ማለት ግን ከቤት ተለምዶ የሚመጣ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አዲስ አበባ ውስጥ ከነርሰሪ እስከ 1ኛ ክፍል ልጅ ለምታስገቡ ነው። ክፍለ ሀገር ላላችሁም ከሰርቪሱ ነገር በቀር ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሰነድ፦
- የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዋናውና ሁለት ኮፒ
- የክትባት ካርድ ኮፒ
- የልጁ ጉርድ ፎቶ፣ ቢያንስ 4
- የወላጆች መታወቂያ ኮፒ፤ ልጁን የሚያመጣና የሚወስድ ሌላ ሰው ካለ የእሱም ኮፒና ፎቶ
- ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ከሆነ መሸኛና ያለፈው ዓመት ካርድ

ዕቃ፦
- ዩኒፎርም፤ ከተቻለ ሁለት ሹራብ
- ያለ ማሰሪያ የሚለጠፍ ጫማ
- ቀለል ያለ ቦርሳ (ጎማ ያለው ለኬጂ ልጅ አይሆንም፤ ደረጃ ላይ ይጥለዋል)
- በአንድ እጅ የሚከፈት ኮዳ፣ ክዳኑ ያልጠበቀ ምሳ ዕቃ፣ ማንኪያ
- በፌስታል የታሰረ ቅያሪ፦ ፓንት፣ ሱሪ ወይም ታይት፣ ካልሲ
- እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ከለር፤ ትምህርት ቤቱ በሰጣችሁ ዝርዝር መሠረት ደብተር
- መርፌና ክር፣ የማይለቅ ማርከር

የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምግብ የከተማው አስተዳደር ያቀርባል፤ ገዝታችሁ ሁለት እንዳይሆንባችሁ።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን በነሐሴ ጨርሱ

የልደት ምስክር ወረቀት የሚወጣው ከወረዳ ነው፤ ጳጉሜን ላይ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ቀድማችሁ ሂዱ። ስታወጡም ሆነ ስትመዘገቡ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ እዩ።

አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኃይለሥላሴ» ተጽፎ መዝገቡ ላይ «ሀይለስላሴ» ከሆነ፣ ወይም በእንግሊዝኛ አንዱ ጋ በአንድ ዓይነት ሌላው ጋ በሌላ ዓይነት ፊደል ከተጻፈ፣ ዛሬ ማንም አይጠይቃችሁም። የምትጠየቁት ልጁ 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ደርሶ ለፈተና ሲመዘገብ ነው፤ ያኔ ማስተካከል አሁን ከማስተካከል አሥር እጥፍ ይከብዳል። መዝጋቢዋ ስትጽፍ አጠገቧ ቆማችሁ ፊደል በፊደል አስነብቡ።

ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። የልደት ቀን በእኛም በፈረንጅም ሲጻፍ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ አንዱን በሌላው ቦታ የሚገለብጥ አይጠፋም። ዕድሜም አትጨምሩ። የ1ኛ ክፍል መግቢያ 7 ዓመት ነው። «ጎበዝ ስለሆነ» ተብሎ በ5 ተኩል የገባ ልጅ ፊደሉን ይለያል፤ 40 ደቂቃ ቁጭ ብሎ መቆየቱ ነው የሚያቅተው። ከዚያ «ረባሽ» የሚል ስም ይወጣለታል።

ደረጃ 2፦ ጤናውን እዩ

የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ ከኩፍኝ ጋር ያለውን መስመር ተመልከቱ። ኩፍኝ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ በ9 ወርና በ15 ወር። የመጀመሪያውን ያስከተበ ብዙ ወላጅ ሁለተኛውን ይረሳል። ከጎደለ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ምን መደረግ እንዳለበት ጠይቁ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትባቱ በነፃ ነው። 30 ልጅ በአንድ ክፍል ሲተነፍስ አንዱ የያዘው የሁሉም ነው።

ቴሌቪዥን አፍንጫው ሥር ተጠግቶ የሚያይ፣ ከኋላው ስትጠሩት የማይዞር ልጅ ካላችሁ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የማይስማማው ምግብ ካለ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ለክፍል ኃላፊዋ ስጡ። በቃል የተነገረኝን 30 ነገር በመጀመሪያው ጠዋት አላስታውስም።

ደረጃ 3፦ አምስት ነገር አለማምዱ

ከሁሉም ደረጃ ይህን ብቻ ብታደርጉ ይበቃኛል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ለሦስት ሳምንት። እናንተ እጃችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ቁሙ፤ ካልሆነ መርዳት አይቀርም።

ሀ. ኮዳና ምሳ ዕቃ። ባዶውን ሳይሆን ምግብ ያለበትን አስከፍቱ። ፍርፍር የያዘ ምሳ ዕቃ ክዳኑ ዘይት ይነካና የልጅ ጣት ላይ ያንሸራትታል፤ ቤት በባዶው የተለማመደች ልጅ ትምህርት ቤት የሚያቅታት ለዚህ ነው። አራት ጎን መቆለፊያ ያለው ከሆነ አንዱን ጎን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እንድትገፋ፣ በሌላው እጇ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ እንድትይዝ አሳዩአት። ደረቷ ላይ አስደግፋ ከከፈተች ወጡ ዩኒፎርሟ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሞክራ ካቃታት ዕቃውን ቀይሩት።

ለ. ሽንት ቤት። ቤት ውስጥ ፖፖ ወይም መቀመጫ የለመደ ልጅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቁጢጥ የሚባልበት ሊያጋጥመው ይችላል። ልትመዘገቡ ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ገብታችሁ አሳዩት፤ ቁጢጥ ማለቱን ቤት አለማምዱት። ቀበቶ፣ ጠባብ ቁልፍና ዚፕ ይቅር፤ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ አስለብሱት። የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ ቁልፍ ሲታገል ነው። መጥረግና እጅ መታጠብ የዚሁ ልምምድ ክፍል ነው።

ሐ. ጫማና ሹራብ። ቀኝና ግራውን እንዲለይ አንድ ስቲከር ለሁለት ቆርጣችሁ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ጫማ ውስጥ ለጥፉ። ሥዕሉ ከገጠመ ልክ ነው። ለጃኬት ደግሞ መሬት ላይ ዘርጉት፤ አንገቱ በልጁ እግር በኩል ይሁን። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ ያስገባና በጭንቅላቱ ላይ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ሲሆንለት ደስታው አይጣል ነው፤ አሥር ጊዜ ይደጋግመዋል።

መ. ስሙ። ቤት ውስጥ ማሙሽ፣ ሚሚ፣ ኩኩ እየተባለ ያደገ ልጅ መዝገብ ላይ ያለው ስሙ ሲጠራ ዝም ይላል። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ልጅ «አልመጣም» ብዬ ምልክት ላደርግ ስል ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ከነሐሴ ጀምሮ ቤት ውስጥም በመዝገብ ስሙ ጥሩት፤ «አቤት» ይበል። የአባቱን ስምና የእናቱን ስም ይያዝ። ስልክ ቁጥር 1ኛ ክፍል ለሚገባው ነው፤ በዜማ አድርጋችሁ ካስያዛችሁት በሳምንት ያውቀዋል።

ሠ. መጠየቅና እምቢ ማለት። «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ»፣ «አመመኝ»፣ «ክፈችልኝ»፣ ለጓደኛው ደግሞ «ተወኝ»። እየተጫወታችሁ አስመስላችሁ አለማምዱ፤ እናንተ ቲቸር ሁኑ። እናት ፊቱን አይታ ስለምታውቅለት ቤት ውስጥ ተናግሮ የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው።

እርሳስ የግድ ማስያዝ ካማራችሁ መጀመሪያ ጣቱን አጠንክሩ። ምስር ስትለቅሙ አብሮ ይልቀም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ድንጋይ መልቀም እርሳስ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ጡንቻ ያጠነክራል። ቂጣ ስታቦኩ እፍኝ ሊጥ ስጡት። ጣቱ ሳይጠና እርሳስ ይዞ «ሀ» እንዲጽፍ የተገደደ ልጅ በጡጫው ይጨብጣል፤ ያንን አያያዝ ማስለቀቅ የእኔ የግማሽ ዓመት ሥራ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ቆይ ትምህርት ቤት ስትገባ ቲቸር ትገርፍሃለች» አትበሉ። ቤት ለጊዜው ጸጥ ይልላችሁ ይሆናል፤ እኔ ጋ ግን ልጁ ሽንቴ መጣ ለማለት እንኳ ፈርቶኝ ይመጣል። ደግሞም ልጅ በትምህርት ቤት የአካል ቅጣት እንዳይደርስበት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ተጽፏል።

ደረጃ 4፦ ግዙ፣ ስም ጻፉ

ጫማ ከእንቁጣጣሽ በፊት ገዝታችሁ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ይልበሰው። አዲስ ጫማ ተረከዝ ይልጣል፤ ተረከዙ የተላጠ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል፣ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ስም ሹራብ ላይ ግድ ነው፤ የሁሉም አንድ ቀለም ነውና። ውስጥ በኩል አንገቱ ላይ በክር ጥለፉት፤ የማይለቅ የሚባለው ማርከር እንኳ ጨርቅ ላይ በእጥበት ይደበዝዛል። ከውጭ በሚታይ ቦታ ግን አትጻፉ። የማያውቀው ሰው በስሙ ከጠራው ልጁ የሚያውቀው ይመስለዋል። ስልካችሁን ቦርሳው ውስጠኛ ኪስ ላይ ጻፉ።

1ኛ ክፍል ለሚገባው፦ ለእንግሊዝኛ ባለ አራት መስመር፣ ለሒሳብ ባለ ካሬ ደብተር ይጠየቃል። ሌላውን አስተማሪው እስኪናገር ቆዩ። ደብተሩን በየትምህርቱ በተለያየ ቀለም ልበዱት፤ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ «ሰማያዊውን አውጡ» ሲባል ያወጣል። የቀን ፕሮግራሙን ቁም ሳጥን ላይ ለጥፋችሁ የዕለቱን ብቻ አሲዙት፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቦርሳው ከ2 ኪሎ ባይበልጥ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ እንቅልፉን አስተካክሉ

ክረምቱን ሙሉ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሲተኛ የከረመ ልጅ በአንድ ሌሊት 2 ሰዓት ላይ አይተኛም። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ 15 ደቂቃ ቀደም አድርጋችሁ አስተኙት። ጠዋትም በዚያው ልክ ቀስቅሱት፤ ማታውን ብቻ ማስተካከል አይሠራም። የችቦው ሌሊትና የእንቁጣጣሽ ዕለት ማምሸቱ አይቀርም፣ ያምሽ። ከመስከረም 2 ጀምሮ ግን መልሳችሁ ያዙት።

ደረጃ 6፦ ማን እንደሚወስደው ወስኑ

የሚወስደውን ሰው ስም፣ ፎቶና ስልክ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። እኔ ራሴ አስተማሪ ሆኜ በልጄ የመጀመሪያ ቀን አያቷ እንደምትወስዳት መናገር ረስቼ ጥበቃው እናቴን ከበር መለሳት። ስልክ ላይ ጮኽኩበት። ማታ ሳስበው ሥራውን በትክክል የሠራ እሱ ብቻ ነበር።

ሰርቪስ ከሆነ የሹፌሩንና የረዳቷን ስልክ ያዙ፤ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ልጁን አስተዋውቁት። ረዳት የሌለው ሰርቪስ ላይ የኬጂ ልጅ አታሳፍሩ፤ መኪና ውስጥ እንቅልፍ የወሰደውን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ስትቀበሉትም በሩ ሥር ቁሙ እንጂ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ አትጥሩት። ልጅ እናቱን ሲያይ መኪና አያይም።

ደረጃ 7፦ ዋዜማ

ዩኒፎርሙን፣ ካልሲውን፣ ጫማውን በሚለብስበት ቅደም ተከተል ደርድሩ። ጥፍሩን ቁረጡ። ለምሳ አዲስ ነገር አትሞክሩ፤ ቤት ወድዶ የሚበላውን፣ ሲቀዘቅዝም የሚበላውን ስጡት። የቀዘቀዘ ፓስታ ይበላል፤ የቀዘቀዘ ሽሮ ግን ይጋገራል። ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሚይዝ ቀድማችሁ ወስናችሁ ለልጁ ንገሩት። «አንተ የፍስክ በላህ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ መልሱን ከእናንተ የሰማ ልጅ ምግቡን አይደፋም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለእንቁጣጣሽ የተሠራ ሹሩባ ላይ ጨሌ ካለ አውጡት። እየረገፈ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ በእጄ ያወጣሁት አለ፣ ጤና ጣቢያ የሄደም አለ። የወርቅ ጉትቻና ሳንቲምም ይቅር። መድኃኒት ቦርሳ ውስጥ ከትታችሁ አትላኩ፤ ለቢሮ ስጡ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ጠዋት

በሩ ላይ የምታደርጉት በሙሉ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ።

1. በርከክ ብላችሁ ዓይኑን እያያችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፦ «ትጫወታለህ፣ ምሳህን ትበላለህ፣ ከዚያ እማዬ ትመጣለች።» «9 ሰዓት እመጣለሁ» አትበሉ፤ ሰዓት አያውቅም፣ ምሳን ግን ያውቃል።
2. ሳሙት።
3. እጁን ከእጃችሁ ወደ አስተማሪዋ እጅ አስጨብጡ። ይህች ቅጽበት ትጠቅማለች፤ ልጁ የተጣለ ሳይሆን ለሰው የተሰጠ እንዲመስለው ነው።
4. ዞራችሁ ሂዱ። ቢያለቅስም ሂዱ።

ተደብቃችሁ ግን አትጥፉ። እናቱ ዞር ባለበት የጠፋችበት ልጅ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም፤ አሻንጉሊት ብትሰጡትም አንገቱን አጣሞ በሩን ነው የሚያየው። በመስኮት ማየትም ያው ነው፤ ሊረሳ የነበረውን ታስታውሱታላችሁ። ያለቀሰ ልጅ ብዙ ጊዜ ወላጁ ከዓይኑ ከተሰወረ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይተዋል። የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ቢሮ ደውሉ።

የእናቱን መሐረብ በኪሱ መያዝ የሚረዳው ልጅ አለ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ መሐረቡን በግራ እጇ ጨብጣ በቀኟ ብቻ ተጫወተች። በአራተኛው ቀን ሸርተቴ ልትወጣ ሁለት እጅ አስፈለጋትና ለእኔ ሰጠችኝ። ማታ ወደ ቤት ስትሄድ ረስታው ሄደች።

ደረጃ 9፦ ከመስቀል በኋላ እንደገና ጀምሩ

ይህን ማንም ስለማይነግራችሁ ትደነግጣላችሁ። ልጁ ለመደ፣ ለቅሶው ቀረ ስትሉ መስከረም 16 ደመራ፣ 17 መስቀል ይመጣል። ጉራጌ አገር የምትሄዱ ደግሞ ሳምንት ከዚያም በላይ ትቆያላችሁ። ሲመለስ ከመጀመሪያው ቀን ብሶ ያለቅሳል፤ የመጀመሪያው ቀን የሚመጣበትን አያውቅም ነበር፣ አሁን ያውቃላ። ትምህርት ቤቱ ምን አደረገው ብላችሁ አትሸበሩ። በዋዜማው እንቅልፉን መልሱ፣ በሩ ላይ የደረጃ 8ን አራቱን ነገር ድገሙ፤ ለአስተማሪዋ ስንት ቀን እንደምትቀሩ በኮሙኒኬሽን ቡክ (ከአስተማሪዋ ጋር በምትጻጻፉበት ደብተር) ቀድማችሁ ጻፉ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ያጥራል።

የተለመዱ ስህተቶች

«ካላለቀስክ ከረሜላ እገዛልሃለሁ።» ለቅሶው ዋጋ እንዳለው አስተማራችሁት፤ በማግስቱ ዋጋው ይጨምራል።

በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ይረፍ» ማለት። ካላመመው አታስቀሩት። ሰኞ የለመደውን ረቡዕ ካቋረጣችሁ ሐሙስ ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው።

ማርፈድ። የሰልፉና የመዝሙሩ ሰዓት ልጁ ከሌሎቹ ጋር የሚቀላቀልበት ነው። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ የሚገባ ልጅ 30 ፊት በአንድ ጊዜ ዞሮ ያየዋል፤ በሩ ላይ የሚጣበቀው ለዚህ ነው።

«ምን ተማርክ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ «ምንም» ነው። «አጠገብህ ማን ተቀመጠ? ኮዳህን ማን ከፈተው?» በሉት፤ ሳያውቀው ቀኑን ይተርክላችኋል።

ሹራብ ሲጠፋ አስተማሪዋን መውቀስ። መጀመሪያ የጠፉ ዕቃዎች ሣጥን ውስጥ እዩ። በክር የተጠለፈ ስም ካለበት እዚያው ታገኙታላችሁ።

በር ላይ የሚለቀስ ለቅሶ ብቻውን አያሳስባችሁ። ጥቅምት ገብቶም ማታ ቤት ሆኖ «ነገ አልሄድም» እያለ የሚያለቅስ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፣ ምሳውን በየቀኑ ሳይነካ የሚመልስ፣ ወይም አንድን ሰው በስም ጠርቶ የሚፈራ ከሆነ ግን በኮሙኒኬሽን ቡክ አትጻፉ፣ በስልክም አትጨርሱት። ቀጠሮ ይዛችሁ መጥታችሁ ከአስተማሪዋና ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተቀመጡ።